የሃያ ደቂቃ መንገድ

ዳኛ ጁሊየስ ዌይቲስ ዌሪንግ በ1942 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሳውዝ ካሮላይና የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲሾሙ ዕድሜያቸው 61 ነበር። የቻርልስተን ጨዋ ልጅ ናቸው፤ ትውልድ ሲቆጠር ስምንተኛ። አባታቸው ባርነት እንዳይቀር በተዋጋው የደቡቦቹ ጦር ዘምተዋል። እሳቸውም የከተማው ጠበቃ ሆነው፣ ከባላባቶቹ ጋር እየበሉ እየጠጡ፣ ጥቁሩ በአንድ በር ነጩ በሌላ በር ሲገባ ሳይከነክናቸው ኖረዋል። በዚህ ዕድሜ ሰው ይለወጣል ብሎ የሚጠብቅ ማን ነው?

በ1946 መጀመሪያ አይዛክ ዉዳርድ የተባለ ጥቁር ወታደር ከሠራዊቱ ተሰናብቶ፣ የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ፣ በአውቶቡስ ወደ አገሩ ሲመለስ ለመጸዳጃ ልውረድ ቢል ሾፌሩ ተቆጣው። ባትስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለፖሊስ አሳልፎ ሰጠው። የፖሊስ አዛዡ በዱላ ደብድቦ ሁለት ዓይኖቹን አጠፋቸው።

በዚያው ዓመት መገባደጃ አዛዡ ዌሪንግ ፊት ቀረበ። ዐቃቤ ሕጉ ሥራውን ለይስሙላ ሠራ፤ ጁሪዎቹ ሁሉ ነጮች ናቸው። ዌሪንግ የሚመጣውን ዐወቁት። ጁሪው ገብቶ ወዲያው እንዳይመለስ ሲሉ ለሃያ ደቂቃ ያህል በእግራቸው ሊንሸራሸሩ ወጡ፤ ዳኛው በሌለበት ውሳኔ አይሰማምና። ከታሪካቸው ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው። ያን ያህል ሥልጣን ያለው ዳኛ ለታወረ ሰው ሊሰጠው የቻለው ሃያ ደቂቃ ብቻ! ጁሪው በ28 ደቂቃ አዛዡን ነፃ አወጣው። የዳኛው ባለቤት ኤልዛቤጥ ከችሎቱ እያለቀሱ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ ማታ ማታ ማንበብ ያዙ፤ ስዊድናዊው ጉናር ሚርዳል ስለ አሜሪካ ጥቁሮች የጻፈው ከንባባቸው አንዱ ነበር። (ቀን የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ ማታ መጽሐፍ ስገልጥ፣ ንባብ ሰውን ይለውጣል የሚለውን ብዙም አላምነውም፤ ዌሪንግን ሳስብ ግን ጥርጣሬዬ ይላላል።)

በ1947 ዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩዎቹን ሲመርጥ ጥቁሮችን እንዳያገልል ፈረዱ። በዚያ አገር የፓርቲውን ዕጩነት ያገኘ ሹመቱን እንዳገኘ ይቆጠር ነበርና ከተማው ፊቱን አዞረባቸው፤ ቀድሞውንም የፊት ሚስታቸውን ፈትተው ሌላ በማግባታቸው ታምተዋል። በ1950 ቤታቸው በድንጋይ ተደበደበ።

በመካከሉ የክላረንደን ወረዳ ጥቁር ወላጆች ክስ መጣ። ነገሩ የተነሣው ለነጭ ተማሪዎች አውቶቡስ ሲኖር ለእነርሱ ልጆች ባለመኖሩ ነው። ጠበቃው ተርጉድ ማርሻል በመጀመሪያ የጠየቀው እኩል አቅርቦት ነበር፤ መለያየቱን ራሱን ክሰስ ብለው የገፋፉት ዌሪንግ ናቸው። ዳኛ ለተከራካሪ ይህን ማለት ይገባዋል? እኔ አይገባውም ባይ ነኝ፤ ባይሉት ኖሮ ግን ክሱ በአውቶቡስ ባለቀ ነበር። በ1951 በሦስት ዳኞች ችሎት ሁለት ለአንድ ተረቱ። በልዩነት ሐሳባቸው መለየት በራሱ አለመተካከል ነው ሲሉ ጻፉ፤ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የትምህርት ቤቱን ነገር በሙሉ ድምፅ በዚሁ መንገድ ቈረጠው።

ዌሪንግ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ኒውዮርክ ገብተዋል። በ1968 ሲሞቱ አስከሬናቸው ቻርልስተን ተመለሰ፤ ከቀባሪዎቹ መካከል ነጮቹ በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። በ2015 የከተማው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕንፃ በስማቸው ተጠራ። ቀድሞ የሴናተር ኧርነስት ሆሊንግስን ስም ይዞ ነበር፤ የእኔ ይነሣና የእሳቸው ይጻፍ ብለው የጠየቁት ሆሊንግስ ራሳቸው ናቸው።