የሪዮው አረንጓዴ ገንዳ

በኦገስት 2016 የሪዮ ዲ ጄኔሮን ኦሊምፒክ ይከታተሉ የነበሩ ሰዎች የማሪያ ሌንክ ማዕከል የውኃ ዝላይ ገንዳ በአንድ ቀን ልዩነት ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ አዩ። ጎረቤቱ የውኃ ፖሎ ገንዳም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው።

አዘጋጆቹ በመጀመሪያ የውኃው አልካላይነት ወርዷል አሉ፤ ዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን ደግሞ ለውኃው ማከሚያ የሚውሉ ኬሚካሎች አልቀው እንደነበር አስታወቀ። ዋናው ምክንያት የተነገረው ከቀናት በኋላ ነው። ኦገስት 5 ቀን አንድ ሥራ ተቋራጭ 80 ሊትር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውኃው ውስጥ ጨምሮ ነበር።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጀርም ይገድላል፤ ክሎሪንም ጀርም ይገድላል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ የሚቀረው ውኃ፣ ኦክስጅንና ክሎራይድ ነው። ይህ ምሥጢር አልነበረም። የውኃ መሐንዲሶች የተረፈ ክሎሪንን ለማስወገድ ሆን ብለው የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። ክሎሪን ያጣ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ገንዳ ደግሞ ለአልጌ ይመቻል።

የገንዳ እንክብካቤ ሙያ ከመጠጥ ውኃ ማከም ብዙ ተውሷል። በአሜሪካ ክሎሪን በከተማ ውኃ ውስጥ በቋሚነት መጨመር የጀመረው በ1908፣ በሐኪሙ ጆን ሊል ግፊት፣ በጀርሲ ሲቲ ነው። በ1936 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዊልፍሬድ ላንግሊየር ውኃ በቧንቧ ውስጥ ኖራ ይጥል ወይስ ያሟሟ እንደሆነ የሚለይ ስሌት አወጣ። የገንዳ ባለሙያዎችም ግድግዳውንና ማሞቂያውን ለማዳን ወሰዱት። ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ስለ አልጌ ግን ምንም አይናገርም። ቁጥሩ ስለተስተካከለ ብቻ ገንዳው ጤናማ ነው ብሎ ማመን ስሌቱ ያልተጠየቀውን እንዲመልስ ማድረግ ነው።

ልምድ ብቻውንም ያሳስታል። ገንዳው ሲሸት ብዙ ጠባቂ «ክሎሪን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ሽታውና የዓይን ማቃጠሉ ግን የሚመጣው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ ከሚፈጥረው ክሎራሚን ነው። ግሪፊን የተባለ አሜሪካዊ በ1939 እንዳሳየው፣ መድኃኒቱ ክሎራሚኑ እስኪፈርስ ድረስ ክሎሪን መጨመር ነው። አፍንጫ ይህን ሊደርስበት አይችልም።

በሪዮ ግን ውኃውን ለማከም ጊዜ አልነበረም። የኪነ ዋና ጥንዶች ውኃ ሥር እርስ በርስ መተያየት ስላለባቸው፣ ከውኃ ፖሎው ገንዳ 3.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውኃ ተደፍቶ ከልምምድ ገንዳው በመጣ ንጹሕ ውኃ ተተካ፤ ውድድራቸውም ኦገስት 14 ተጀመረ።