የሚስዮን ሣጥን፦ ከእንግሊዝ የስፌት ማኅበራት እስከ ኩሩማን

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከብሪታንያ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ፓሲፊክ ደሴቶች የወንጌል መልእክተኞችን ይዘው በሚጓዙ መርከቦች ላይ፣ ከመጻሕፍትና ከሥራ መሣሪያ ጋር፣ ልብስ የታጨቀባቸውን ሣጥኖች መጫን እየተለመደ መጣ። መልእክተኞቹን የሚልኩት እንደ ለንደን ሚስዮን ማኅበር ያሉ፣ ከ1792 ጀምሮ ተከታትለው የተቋቋሙ ድርጅቶች ቢሆኑም፣ ሣጥኖቹን የሚሞሉት ግን በየአጥቢያው ተሰብስበው የሚሰፉ ሴቶች ነበሩ። ከእነዚህ የስፌት ማኅበራት ብዙዎቹ በዶርቃ ስም ይጠሩ ነበር፤ ዶርቃ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 እንደተጻፈው በኢዮጴ ለመበለቶች ልብስ ትሠራ የነበረች ደቀ መዝሙር ናት። የማኅበራቱ ዋና ተግባር የሰፈርን ድሃ ማልበስ ሲሆን፣ ሥራቸው ባሕር ተሻግሮ እንዲሄድ ያደረጉት ደግሞ ከሁሉ በላይ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የላንክሻየር ፋብሪካዎች የጥጥ ጨርቅን ዋጋ እጅግ ማርከሳቸው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የመስበክም ሆነ በሚስዮን ጉባኤ የመወሰን ሥልጣን ያልነበራቸው ሴቶች በሥራው የሚሳተፉበት ዋና መንገድ መርፌ መሆኑ ነው።

ልግስናው ገና በማለዳው መሳቂያ ሆኗል። ቻርልስ ዲከንስ በ1836 እና በ1837 በተከታታይ ባወጣው የፒክዊክ ልብ ወለድ ውስጥ፣ ሐሩር በሆኑት የካሪቢያን ደሴቶች ለሚኖሩ ጥቁር ሕፃናት ከወፍራም የሱፍ ጨርቅ የተሰፋ ሰደርያ የሚልክ ማኅበር ፈጥሮ ተሳልቆበታል። ሽሙጡ እውነት አለው፤ ሆኖም ላኪዎቹ ሁሉ ጠይቀው የማያውቁ ያስመስላቸዋል፤ በደቡብ አፍሪካዋ ኩሩማን የሆነው ግን ከዚህ ይለያል።

ኩሩማን ከኬፕታውን በበሬ ሠረገላ የብዙ ሳምንታት መንገድ ርቃ፣ በካላሃሪ በረሃ ዳርቻ የምትገኝ፣ ሮበርት ሞፋትና ባለቤቱ ሜሪ በ1820ዎቹ የመሠረቷት የለንደን ሚስዮን ማኅበር ጣቢያ ነበረች። በዙሪያዋ የሚኖረው የትስዋና ሕዝብ፣ የዛሬዋ ቦትስዋና ስሟን ያገኘችበት፣ ከብት አርቢና ገበሬ ሲሆን፣ የሚለብሰው ወንዶች አልፍተው የሚሰፉትን ቆዳ ነበር። በ1829 የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ከተጠመቁ በኋላ የጨርቅ ልብስ የክርስትና መለያ ሆነ፤ ሜሪ ሞፋትም የስፌት ትምህርት ቤት ከፍታ ለሴቶቹ መርፌ አስጨበጠቻቸው። ሽመናን የወንድ፣ ፈትልን የሴት ሙያ አድርጎ ለኖረው የኢትዮጵያ አንባቢ እንደሚገባው፣ እንዲህ ያለው የእጅ ሥራ ዝውውር የጨርቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የባልና የሚስትን የሥራ ድርሻ ከሥሩ ይነካል። ሚስዮናውያኑ ይህን ለውጥ እንደ ቀላል ነገር ማለፋቸው ሳያስተዛዝባቸው አይቀርም።

ሮበርት ሞፋት በ1842 ባሳተመው መጽሐፉ የዚያን ጊዜውን አለባበስ ገልጾታል፦ ጨርቅ ስላለቀበት ባለ አንድ እጅጌ ኮት የለበሰ ነበረ፤ የቆዳ ኮት ሰፍቶ እጅጌውን በአበባማ የጥጥ ጨርቅ የቀጠለም ነበረ፤ አንዳንዱ የሴቶች ቀሚስ ደግሞ የዮሴፍን ኅብረ ቀለማት ቀሚስ ያስታውስ ነበር። ደራሲው ይህን የጻፈው ፈገግ እያለ ነው። ይሁን እንጂ ከርሱ ገለጻ ውስጥ ሌላም ነገር ይነበባል፤ ሰዎቹ የመጣላቸውን ጨርቅ እንዳለ አልተቀበሉም፤ ቀድደው፣ ቀጥለውና ከቆዳቸው ጋር አዋሕደው የራሳቸውን ልብስ ሠርተዋል።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ሰነድ ሜሪ ሞፋት በ1841፣ ከባሏ ጋር ወደ ብሪታንያ ተመልሳ ሳለች፣ ልብስ ለመለገስ ላሰበች አንዲት ሴት የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ጨርቁ ሻካራ ቢሆን ግድ የለም፤ ጠንካራ ይሁን እንጂ፤ ቢቻል ጥቁር ሰማያዊ፣ ካልሆነም ሌላ ጠቆር ያለ፣ ሲታጠብ የማይለቅ የጥጥ ጨርቅ ይሁን፤ ከላይ ለሚለበስ ግን ነጣ ያለ ነገር አይላክ ትላለች። ምክንያቷም ግልጽ ነው፦ ያልተጠመቁት የትስዋና ሰዎች፣ በኢትዮጵያ የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን እንደሚቀቡት፣ ገላቸውን በቀይ አፈርና በቅባት ይቀቡ ነበር፤ ክርስቲያኖቹ ደግሞ ከዘመዶቻቸው ጋር መቀላቀላቸው ስለማይቀር ነጣ ያለ ልብሳቸው ወዲያው ይበላሻል። ምክሩ ከቦታው ዕውቀት የመነጨ ቢሆንም የተቀባዮቹ ድምፅ ግን አይደለም፤ የትስዋና ሴቶች ራሳቸው ቢጠየቁ ምን ይሉ እንደነበር ደብዳቤው አይነግርም።

ጥቁር ሰማያዊው የጥጥ ጨርቅ ግን ከሚስዮኑ ሣጥን በላይ ዕድሜ አገኘ። በነጋዴዎችና በጀርመን ሰፋሪዎች በኩል በብዛት የገባው፣ በነጭ ጥቃቅን ጌጥ የታተመው ዓይነት፣ በቦትስዋና ሌቴይሲ፣ በሌሴቶና በደቡብ አፍሪካ ሽዌሽዌ እየተባለ ዛሬ የሠርግና የክብር ልብስ ነው፤ የባህል ልብስ ተብሎም ይቆጠራል።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሚስዮናውያን በአንጻሩ የሚያለብሱት ሰው አላገኙም። በ1839 ሸዋ የገባው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ያገኘው ጥንታዊ ክርስትና ያለው፣ የራሱ ሸማኔ ያለው አገር ነበር፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ከአውሮፓውያን የሚሹት የጦር መሣሪያና የእጅ ባለሙያ እንጂ ቀሚስ አልነበረም።

በአሜሪካ ልማዱ ሌላ መልክ ያዘ፤ በ1826 የተመሠረተው የአሜሪካ የአገር ውስጥ ሚስዮን ማኅበር ወደ ምዕራብ የላካቸው ሰባኪዎች ደመወዛቸው አነስተኛ ስለነበር፣ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሴቶች ልብስና ጫማ በበርሜል ሞልተው ይልኩላቸው ነበር። እዚህ ተቀባዩ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወገን በመሆኑ የቤተሰቡን ብዛት፣ ዕድሜና የሰውነት ልክ ጽፎ ይልካል፤ በተለይ ለጫማ ይህ ወሳኝ ነበር፤ ሰፊ ቀሚስ ይጠባል፤ ጠባብ ጫማ ግን አይሰፋም። የሰባኪ ሚስት ልኳ ሲጠየቅ የአፍሪካዊቷ ምእመን አለመጠየቁ ብዙ ይናገራል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ድነት ሠራዊትና በ1902 በቦስተን እንደተጀመረው ጉድዊል ያሉ ድርጅቶች ልብስ አሰባስቦ በመሸጥ ሥራ ተስፋፉ፤ ከልገሳው የተረፈውንም የልብስ ነጋዴዎች በክብደት እየገዙ በቦንዳ ወደ አፍሪካ ይልኩት ጀመር። በኬንያ ሚቱምባ፣ በዛምቢያ ሳላውላ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ልባሽ ጨርቅ ወይም በገበያ ስሙ ሰልባጅ የሚባለው ይኸው ነው፤ ኢትዮጵያ ለንግድ እንዳይገባ ብትከለክለውም በኮንትሮባንድ መግባቱ አልቀረም። በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች የአገር ውስጥ ፋብሪካን ለማነቃቃት ሲሉ ያገለገለ ልብስ ማስገባትን ደረጃ በደረጃ ለማቆም ተስማሙ፤ ከመካከላቸው በአቋሟ የጸናችው ሩዋንዳ ቀረጡን ከፍ አደረገች፤ ዩናይትድ ስቴትስም በአገሯ ልብስ ላኪዎች አቤቱታ ተነሥታ፣ በ2018 የሩዋንዳ ልብስ ከቀረጥ ነፃ ወደ ገበያዋ የሚገባበትን ዕድል አገደች።