ሣሩ የተገለበጠ ጊዜ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው በአሜሪካ እምብርት፣ ኦክላሆማ፣ ካንሳስ፣ ቴክሳስና ኮሎራዶ በሚጎራበቱበት ሜዳ ነው። ዛፍ የማይበዛበት፣ ነፋስ የማያርፍበት፣ ጎሽ ሲግጥበት የኖረ አገር ነው፤ ዝናቡ ጥቂት ነው፤ አፈሩን ይዞት የኖረው ሥሩን አጥልቆ የሰደደው ሣር ነበር።

ከዚያም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና የስንዴ ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ገበሬውም ሣሩን እየገለበጠ ዘራ፣ ከዚያም ትራክተር መጣና በሌሊት ሳይቀር ታረሰ። እ.ኤ.አ. በ1929 የገንዘብ ገበያው ሲወድቅ ስንዴውም ረከሰ፣ ገበሬውም የባንክ ዕዳውን ልክፈል ብሎ ጭራሽ አብዝቶ አረሰ። በ1931 ምርቱ ተትረፈረፈ፤ ዋጋው ግን የድካሙን ያህል እንኳ አላወጣም። ማን ይፈርድበታል? ልጆች ይበላሉ፤ ባንክ ዕዳ አይምርም። ከዚያም ሰማዩ ተዘጋ።

ዓመት ዓመትን ተካ፣ እርቃኑን የቀረው መሬት ተነሥቶ በነፈሰበት ሁሉ መጓዝ ጀመረ። ሴቶች መስኮቱ ላይ እርጥብ አንሶላ ይሰቅላሉ፣ ምግቡ እስኪወጣ ሳህኑን ደፍተው ያቆያሉ፤ ጠዋት ሲነሡ ትራሱ ላይ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ራሳቸው ያረፈበት ብቻ ነው። አቧራው ሳንባ ገብቶ ሕፃናትንና አረጋውያንን ገደለ።

ከሁሉ የከፋው ቀን ኤፕሪል 14 ቀን 1935 እሁድ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ሆሳዕና ነበር። ጠዋቱ ጥርት ብሎ ነጋና ሰው ደስ አለው፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ልብስ አጥቦ አሰጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከቀትር በኋላ አየሩ ድንገት ቀዘቀዘ፣ ወፎች ከሰሜን እየጮኹ መጡ፣ ከዚያም ከኋላቸው ተራራ የሚያህል ጥቁር አፈር ከአድማስ እስከ አድማስ ቆሞ ታየ፣ ከዚያም ፀሐይ ጠፋች። ሰው የገዛ እጁን ማየት ተሳነው፤ መንገድ ላይ የደረሰበት እየዳኸ ቤቱን ፈለገ፤ የዓለም ፍጻሜ ነው ብሎ የተንበረከከም ብዙ ነው።

ሂዩ ቤኔት የሚባል የአፈር ሊቅ ይህ እንደሚመጣ ለዓመታት ሲጮኽ ኖሯል። አሁን ተሰማ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ። ምነው ቀደም ብሎ በሆነ!

መሄድ የቻለው ፍራሹንና ድስቱን አሮጌ መኪና ላይ ጭኖ፣ ልጆቹን ከላይ አስቀምጦ፣ 66 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ካሊፎርኒያ ወረደ። በ1936 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የግዛቱ ድንበር ድረስ ዘልቆ ገንዘብ የሌለውን ይመልስ ነበር። በገዛ አገሩ! ያለፈው ጥጥና ፍራፍሬ ለቀማ ገባ፣ በድንኳን አደረ።

የሚበዛው ግን አልሄደም። ቀረና ተዳፋቱን አግድም ማረስ ተማረ፣ ሣር መልሶ ዘራ፣ ነፋሱን እንዲሰብርለት ዛፍ በረድፍ ተከለ። ዝናቡ የተመለሰው በ1939 መገባደጃ ላይ ነው፤ እነርሱም እዚያው ነበሩ።