የታፈኑ ክሮች፦ የ«ሳይኮ» ፊልም ሙዚቃና የሥጋት ጥበብ

እ.ኤ.አ. በ1960 ለዕይታ የበቃው የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» 800 ሺህ ዶላር ገደማ የወጣበት ባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሆን፣ ለዝናው ትልቅ ድርሻ ካላቸው ነገሮች አንዱ የኒው ዮርክ ተወላጁ በርናርድ ኸርማን የደረሰለት ሙዚቃ ነው። የሆሊውድ የሙዚቃ ደራሲዎች እስከዚያ ዘመን ድረስ ፍርሃትን ለማሰማት ከበሮን፣ ትሮምቦንን የመሳሰሉ የትንፋሽ መሣሪያዎችን፣ አልፎ አልፎም ቴሬሚንን፣ ማለትም ተጫዋቹ ሳይነካው እጁን በአንቴናዎቹ አጠገብ በማንቀሳቀስ ብቻ የሚያጫውተውን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይጠቀሙ ነበር፤ ኸርማን ራሱም እ.ኤ.አ. በ1951 ለአንድ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም ሁለት ቴሬሚኖችን አሰልፏል። ለ«ሳይኮ» ግን ይህን ሁሉ ትቶ፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን በሚጫወቱት በቫዮሊን፣ በቪዮላ፣ በቼሎና በኮንትራባስ ብቻ ተወሰነ፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ ጥቁርና ነጩን ምስል የሚመጥን ባለ አንድ ቀለም ድምፅ መሻቱን ገልጿል።

በዚህም ሳያበቃ፣ ክሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ ላይ ተሰክቶ ንዝረትን የሚያፍነው ሶርዲኖ የተባለ መሣሪያ በአብዛኛው የፊልሙ ክፍል ከቫዮሊኖቹ እንዳይነሣ በማድረጉ፣ ሙዚቃው ጉሮሮውን እንደታነቀ ሰው ድምፅ የታመቀ ሆነ። ማሪዮን ክሬን የተባለችው ገጸ ባሕርይ 40 ሺህ ዶላር ሰርቃ ስትሸሽ ምስሉ የሚያሳየው መሪ የጨበጠች ሴትን ብቻ ስለሆነ፣ ድምፁ ቢጠፋ ገበያ የምትሄድ ልትመስል ትችላለች፤ ተመልካቹን የሚያስጨንቀው ኦስቲናቶ፣ ማለትም አንድን አጭር ሐረግ ያለ ፋታ የመደጋገም ስልት፣ ወደ ዜማ ሳያድግና ማረፊያ ሳያገኝ መቀጠሉ ነው።

ሂችኮክ በገላ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የሚፈጸመው ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲታይ ወስኖ የነበረ ቢሆንም፣ ኸርማን በራሱ ፈቃድ ጽፎ ባሰማው ጊዜ ሐሳቡን ለውጧል። በዚህ ትዕይንት ማፈኛው ይነሣል፤ ቫዮሊኖች ከከፍተኛው ድምፅ ጀምረው፣ እርስ በርስ በሚጋጩ ተቀራራቢ ኖታዎች ተራ በተራ እየገቡ ይጮኻሉ፤ ሟቿ ስትወድቅም ቼሎና ኮንትራባስ በወፍራም ድምፅ ይተካሉ። ጩኸቱ ተመልካቹን የሚያስበረግገው በኃይሉ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ ታምቆ በመቆየቱ ጭምር ነው።

ሁለቱ ባለሙያዎች ይህንኑ የቁጠባ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1963 በ«ወፎቹ» ፊልም የበለጠ ገፉበት፤ በዚያ ፊልም የተለመደው የኦርኬስትራ ሙዚቃ ጨርሶ ቀርቶ፣ ኸርማን አማካሪ በሆነበት ሥራ ትራውቶኒየም በተባለ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተፈጠሩ የወፍ ድምፆች ቦታውን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ጆን ዊሊያምስ ለ«ጆውስ» ፊልም ሁለት ጎረቤት ኖታዎችን በመደጋገም ገና ያልታየውን ሻርክ መቅረብ አሰማ። ዊሊያምስ በዚህ ሥራው የኦስካር ሽልማትን ሲቀበል፣ ፈር ቀዳጁ የ«ሳይኮ» ሙዚቃ ግን በዘመኑ ለዕጩነት እንኳ አልቀረበም ነበር።