ጎል አግቢው መንግሥቱና ጎል ያላገባው ቡድን

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ማምሻውን ማሻ ነበርኩ። ከመካነ ሰላም ለሥራ ወጥቼ መሽቶብኝ እዚያው ማደሬ ነው። ብርዱ አይጣል ነው! በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ ጋቢ የተከናነበ ሰው ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ታጭቋል፤ ደቡብ አፍሪካ ላይ ኢትዮጵያ ከዛምቢያ ትጫወታለች። ፍጹም ቅጣት ምት ስተናል፣ በረኛችን በቀይ ወጥቷል፣ 1 ለ 0 እየተመራን ነው። አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርገን ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ግን አልጮኹም። ቀስ ብለው «ምነው መንግሥቱ ይቺን ሳያይ» አሉ።

«የትኛው መንግሥቱ?» አልኳቸው።

እያዘኑልኝ አዩኝ። «ወርቁ ነዋ፣ ልጄ!»

ስድስት ዓመት ሕክምና ተምሬ መንግሥቱ ወርቁን አለማወቄ እስካሁን ያሳፍረኛል። ከዚያ ምሽት ወዲህ ታሪኩን ስከታተል ነው የኖርኩት፤ ለዚህ መጽሐፍም ከእሱ የተሻለ ርእስ አላገኘሁም።

መንግሥቱ ጎንደር ውስጥ በ1932 ተወለደ። (ተጫዋች ሳለ «አንተ» እለዋለሁ፤ አሰልጣኝ ሲሆኑ «አንቱ» እላቸዋለሁ።) የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነበር። ስሙ የገነነው ጥር 13 ቀን 1954 ነው። በዚያን ዕለት አዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ከምትባለው ጋር፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ቀረበች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ግብፆች ወዲያው መልሰው አገቡ። ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ አራተኛውን አገቡ። ዋንጫው እስከ ዛሬ አንድ ለእናቱ ነው። መንግሥቱም በ3 ጎል ከግብፁ ባዳዊ ጋር የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎል አለው።

ያንን ቡድን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው የጊዮርጊስ አጥቂ የነበሩ ናቸው፤ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1972 እስከ 1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መርተዋል። ሉቻኖም ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሰልጣኝ ሆኗል። ተጫዋች የነበረ ወጣቱን ያሠለጥናል፤ መንገዱ እንግዲህ የተጠረገ ነበር ማለት ነው። መንገድ መኖሩ ግን መሄዱን አያቀልም።

ይህንን እኛ የምናውቀው ይመስለኛል። ከእኛ ባች እኮ ዛሬ ግማሹ አስተማሪ ነው። ጓንት አጥልቀሽ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣጥፈሽ፣ አንቺ በአምስት ደቂቃ የምትጨርሺውን ስፌት ሬዚደንቱ ሃያ ደቂቃ ሲታገለው ቆሞ ማየት! እጅ ያሳክካል። በ117ኛው ደቂቃ ዋንጫ የጨረሰ ሰው መስመር ዳር ቆሞ አጥቂው ሲስት ሲያይ እግሩ ምን ይሆን?

አቶ መንግሥቱ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ይዘው ሊቢያ ሄዱ። ሱዳን ካዘጋጀችው ከ1962ቱ ውድድር ወዲህ ኢትዮጵያ አስተናጋጅ ሳትሆን፣ በማጣሪያ አልፋ የተገኘችበት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ያኔ የሚያልፉት 8 አገሮች ብቻ ነበሩ። ምድባችን ቤንጋዚ ነበር፦ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጣን። ሦስት ጨዋታ፣ አንድም ጎል የለም። በአገሪቱ ታሪክ ጎል በማግባት ስሙ የሚነሣው ሰው ያሠለጠነው ቡድን ባዶ እጁን ተመለሰ።

ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው «ትልቅ ተጫዋች፣ ደካማ አሰልጣኝ» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። እኔ አልዘጋውም። ያ የአልጄሪያ ቡድን በዚያው ዓመት ክረምት ስፔን ላይ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈ ነው። ከእሱ ጋር 0 ለ 0 መውጣት በየትኛው ሚዛን ነው ባዶ የሚባለው? ደግሞስ ከቤንጋዚ በኋላ እዚያ መድረክ ለመድረስ ስንት ዓመት ፈጀብን? ሠላሳ አንድ! ተሳታፊው ከ8 ወደ 12፣ ከዚያም ወደ 16 አድጎ፣ በሩ በእጥፍ ሰፍቶ እንኳ አላለፍንም።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጊዜ፣ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የተሸነፍነውን ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ጎሎች አለፍን። አዳነና ሳላዲን ሰዒድ አገቡ። አቶ መንግሥቱ ግን ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዐርፈዋል። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ያን ማታ ሻይ ቤቱ ሲዘጋ አዛውንቱን ፋኖስ ይዤ እስከ ደጃፋቸው ሸኘኋቸው። የ54ቱን ፍጻሜ ልጅ ሳሉ በሬዲዮ ሰምተውታል።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው።

«ጥር 13» አልኩ።

«ያኔም 13 ነበር» ብለው ገቡ።