ከአሰብ እስከ ለቡ፦ በውል ያልታሰረ ፍቺ ዋጋ

በላፍቶ በኩል፣ ለቡ ላይ ያለው የፉሪ-ለቡ ባቡር ጣቢያ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሐዲዱ የሚያመራው ወደ ጅቡቲ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. በፊት ግን የኢትዮጵያ ዋና የንግድ በር ዛሬ በኤርትራ ያለው የአሰብ ወደብ ነበር። ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ በግንቦት ነጻነቷን ብታውጅም፣ አሰብ ለአምስት ዓመት ያህል የኢትዮጵያን ጭነት ማስተናገዱን አላቋረጠም። በሩን የዘጉት በፍቺው ጊዜ ሳይቋጩ የቀሩ ጉዳዮች ናቸው። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ሥራ ላይ አዋለች፤ ኢትዮጵያም ከአነስተኛ የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪና በኤልሲ እንዲሆን ጠየቀች። በዚያው ዓመት ግንቦት በድንበሩ ላይ ባለችው ባድመ ጦርነት ተነሳ። ወደቡ ተዘጋ፤ በአዲስ አበባ የኖሩ ብዙ የኤርትራ ተወላጅ ቤተሰቦችም በዜግነት ጥያቄ ተበተኑ።

«ጥፋቱ ራሱ መገንጠሉ ነው» የሚሉ አሉ። የባሕር ዳርቻ ማጣት ቀላል ጉዳት አለመሆኑ እውነት ነው። ሆኖም በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈርሶ ኤርትራ በግድ ስትያዝ ያተረፍነው ወደብ ብቻ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ የዘለቀ ጦርነትም አብሮት መጣ። የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ለመገንጠል የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ሕዝበ ውሳኔና የንብረት ክፍፍልን ይጠይቃል፤ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዜግነትና ስለ ወደብ ግን ዝርዝር የለውም። ከኤርትራ የምንማረው፣ መለየትን የሚሻም የሚቃወምም ወገን እነዚህን ከድምፁ አስቀድሞ በጽሑፍ መቋጨት እንዳለበት ነው።