የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ስምና የሐዋይ ታላላቅ ሞገዶች

የፔሩ ዓሣ አጥማጆች በልደት ሰሞን ወደ ጠረፋቸው የሚመጣውን ሞቃት የባሕር ውሃ «ኤል ኒኞ» ይሉት ነበር፤ ትርጓሜውም «ሕፃኑ» ማለት ሲሆን ስለ ክርስቶስ የተሰጠ ስም ነው። ካሚሎ ካሪሎ የተባለ የመርከብ አዛዥ በ1892 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሊማ የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ስለዚሁ ጻፈ። ይህ የአንድ ጠረፍ ነገር በሐዋይና በካሊፎርኒያ ካለው ሞገድ ጋር መገናኘቱ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ማስተዋሉ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። በ1904 ወደ ሕንድ የሄደው ጊልበርት ዎከር የዝናቡን መቅረት አስቀድሞ ለማወቅ ሲደክም፥ የአየር ክብደት በፓሲፊክ በአንዱ ወገን ከፍ ሲል በሌላው ዝቅ እንደሚል አገኘ። ውሃውንና አየሩን አያይዞ ያስረዳው ጃኮብ ብየርክነስ ሲሆን ጽሑፉ የወጣው በ1969 ነው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር፥ በሞገድ ላይ በሳንቃ የሚንሸራተቱ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያወሩለት ማዕበል ሐዋይን መታ። አጋጣሚው ያስደንቃል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ሲደክም ሞቃቱ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ በላዩ ያለው አየርም ይሞቃል። በሞቃቱ ወገብና በቀዝቃዛው ሰሜን መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ስለሚበዛ፥ በከፍታ የሚነፍሰው የነፋስ ጅረት ይበረታል፥ ወደ ምሥራቅም ይረዝማል። የብርድ ወራት ዐውሎ ነፋሶችም ይህን ተከትለው ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ይቀርባሉ። የሞገድ ታላቅነት በነፋሱ ኃይል፥ በሚነፍስበት ጊዜና በሚሸፍነው የባሕር ስፋት የሚወሰን ነው። ሐይቅ እንጂ ውቅያኖስ ላላየን ሰዎች ይህን ማሰብ ያስቸግራል፤ በጠራ ሰማይ ሥር ዳርቻውን የሚመታው ሞገድ የተነሣው ከብዙ ሺህ ኪሎሜትር ርቀት ሊሆን ይችላል።

በ1983 የብርድ ወራት ይኸው ማዕበል በካሊፎርኒያ ቤቶችን አፈረሰ፤ የሳንታ ሞኒካ የእንጨት መድረክም ከሢሶው በላይ ተወሰደ። በ1998 ጃንዩዌሪ 28 ቀን ረቡዕ፥ በኦአሁ ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ ሞገዱ እጅግ ስለ ከፋ ባለሥልጣኖች ሰው ወደ ባሕር እንዳይገባ ከለከሉ። ለኤዲ አይካው መታሰቢያ በዋይሜያ የሚደረገው ውድድር ታላቅ ሞገድ ካልመጣ አይካሄድም፤ በ2009 እና በ2016 የተካሄደው ኤል ኒኞ በነበረበት ወራት ነው።

ነገር ግን ታላቅ ሞገድ ሁሉ የኤል ኒኞ ነው የሚሉትን አልቀበልም። ይኸው ውድድር በጃንዩዌሪ 2023 ሲካሄድ የነበረው ተቃራኒው፥ ላ ኒኛ የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዘመን ነበር። ሞቃቱ ውሃ የዐውሎ ነፋሱን መንገድ ያቀርባል፤ አንዱን ሞገድ ለይቶ የሚያስነሣው ግን የዚያ ሳምንት ነፋስ ነው።